በሹራቤ እጅጌ ቤቴ የገባው ቁራጭ

ሚኒያፖሊስ ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ያረጁ መጻሕፍትን ፎቶ አነሳለሁ። አባቴ አዳማ ፎቶ ቤት ነበረው፤ መብራት ማስተካከልና ትንፋሽ ይዞ የካሜራውን መዝጊያ መጫን የለመድኩት እዚያ ነው። እዚህ አገር መጥቼ ግን ዘጠኝ ዓመት የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ቆየሁ። የፎቶውን ሥራ ሳገኝ ባለቤቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ፤ የተሳሳቱ መስሎት ነበር።

በዚያ ዊንተር የተሰጠኝ አንድ በእጅ የተጻፈ የጣልያን መጽሐፍ ነበር። ጣልያን አንድ አገር ከመሆኗ በፊት ደቡቡ የኔፕልስ መንግሥት ይባል ነበር። ያንን መንግሥት አንድ ጸሐፊ፣ አዲስ ለተሾመ ገዢ ለማስረዳት ብሎ፣ አውራጃ በአውራጃ ጽፎታል። የትኛው ከተማ ግንብ እንዳለው፣ የትኛው ወደብ ስንት መርከብ እንደሚያስጠጋ፣ በየመንደሩ ስንት ምድጃ እንደሚነድ ሁሉ አለበት። ይህን የነገሩኝ መጽሐፉን ሊያጠኑ የመጡ አንዲት አሮጊት ጣልያናዊት ፕሮፌሰር ናቸው። ሰው የሚቆጠረው በምድጃ እንደነበር ሲነግሩኝ፣ በእኛም አገር ገበሬው ጭሰኛ ይባል እንደነበር አጫወትኳቸው። ወዲያው ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሌ በር ሲያልፉ ቆም እያሉ ሰላም ይሉኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት እንደ ወትሮው እጄን ታጥቤ፣ ገጽ እየገለጥኩ፣ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት እያስገባሁ ሳነሳ ዋልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨርሼ ኢገን ወደሚገኘው ቤታችን ድራይቭ አደረግሁ። ኪችን ገብቼ ሩዝ ላጥብ ሹራቤን ሳወልቅ አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል፤ ቡናማ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ መስሎኝ ልጠርገው እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ፊደል አየሁ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አየሁት። ገጽ ስገለብጥ ተቆርሶ በሹራቤ እጅጌ ክር ውስጥ ተሰክቶ ይሆናል፤ ቀዳዳውን ያላየሁት ሥሩ ያለው ወረቀት ጥቁር ስለሆነ ነው። ካሜራው ግን አይቶታል። በማግስቱ ጠዋት ፎቶዎቹን የሚያጣራው ሰው የገጹን ፊት ሙሉ፣ ጀርባውን ቀዳዳ ሆኖ ያገኘዋል። በመካከሉ መጽሐፉን የነካሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የሂተሩ አየር ከወለሉ ቀዳዳ መንፈስ ሲጀምር ቁራጩ ብድግ አለ። በድንጋጤ ብርጭቆ ደፋሁበት።

ያን ያህል የፈራሁት ለሥራዬ ብቻ አልነበረም። የዜግነት ቃለ መጠይቄ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ፎርሙ ላይ፣ ተይዘሽ ባታውቂም እንኳ ወንጀል ሠርተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ስሞላው ሳቅ ብዬ ነበር አላውቅም ያልኩት። አሁን አምስት መቶ ዓመት የሆነው የሰው ንብረት ቤቴ ውስጥ በሻይ ብርጭቆ ተከድኖ ተቀምጧል።

ባለቤቴ ኤደን ፕሬሪ ዌርሃውስ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ነገርኩት። ብርጭቆውን ጎንበስ ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ግድግዳው የሚሰማ ይመስል።

«ሽንት ቤት ጣይው» አለኝ። «ያረጀ ወረቀት ነው፤ ራሱ ተበጠሰ ብለው ያልፉታል። ከቤታችን ተገኘ ከተባለ ግን ሌባ ነሽ። ማን ያምንሻል?»

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከመምጣታችን በፊት ያልሠራውን ወንጀል ሠርተሃል ተብሎ አንድ ወር ታስሮ ያውቃል፤ እውነት መናገር ያኔ አላዳነውም። ልጃችን የአሥራ ስድስት ዓመት ናት፤ ደረጃው ላይ ቆማ ስትሰማን ነበር። እዚሁ ስለተወለደች ሁሌም በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልን።

«ማሚ፣ ጀስት ቴል ዜም» አለች፤ በቃ ንገሪያቸው ማለቷ ነው።

አባቷ ወደ ክፍሏ እንድትገባ ነገራት። ቁራጩን በንጹሕ ፖስታ፣ ፖስታውን ጠንካራ ሽፋን ባለው ደብተር ውስጥ አደረግሁና ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ደግሞ ልጄ ብቻዋን በዚህ አገር ስትቀር ይታየኛል፤ ደግሞ ከአልጋ ወርጄ ቦርሳው እንዳለ አያለሁ።

ጠዋት በረዶ ጥሎ ነበር። ሃይዌዩ ላይ የፖሊስ መኪና ከኋላዬ መጥታ መብራቷን አበራች። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ሁለት እጄን ሰው እንዲያየው መሪው ላይ ዘረጋሁ። መኪናዋ አልፋኝ ሄደች፤ የምትፈልገው ሌላ ሰው ነበር። እኔ ግን ለመነሳት ብዙ ደቂቃ ፈጀብኝ። በዚያ የተነሳ አረፈድኩ።

ያቺ ማርፈድ ጎዳችኝ። ቀድሜ ገብቼ ልናገር ነበር ያሰብኩት። ገና ኮቴን ሳላወልቅ ሱፐርቫይዘሬ በሩ ላይ ጠበቀችኝና ወደ ቢሮዋ እንድመጣ ጠየቀችኝ። ውስጥ የጥበቃ ኃላፊው ተቀምጧል። ፕሮፌሰሯም እዚያው ናቸው፤ ቀና ብለው አላዩኝም። አሮጌ መጻሕፍት የሚጠግነው ባልደረባችንም አለ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተከፍተዋል፤ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ቀዳዳ።

ሱፐርቫይዘሬ በዝግታ፣ ስለዚህ ገጽ የማውቀው ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። አሁን የምናገረው ሁሉ የተያዘ ሰው ንግግር እንደሚሆን ገባኝ። ያዘጋጀሁት እንግሊዝኛ ጠፋብኝ። ደብተሩን አውጥቼ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«እኔ ጋ ነው» አልኩ። «ሹራቤ ውስጥ ገብቶ ቤት ነው ያገኘሁት። ዛሬ ላመጣው ነበር።»

የጥበቃ ኃላፊው አንድ ነገር ጻፈ። ጠጋኙ ፖስታውን ከፈተ፣ ቁራጩን በወረንጦ አንስቶ በማጉያ መነጽር አየው፤ ከዚያ መጽሐፉን አስመጥቶ ከቀዳዳው ጋር አስተያየው። ልክ ገጠመ። ጠርዙ በእጅ ያልተቀደደ መሆኑን አሳያቸው። የዚያ ዘመን ቀለም ውስጥ ብረት ስላለ ወረቀቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል አለ፤ ቁራጩ የተሰበረው የፊደሎቹን መስመር ተከትሎ ነው። ይህ ገጽ ሳይጠናከር እንዳይገለጥ ማስታወሻ ጽፎ ነበር፤ ማስታወሻው እኔ ጋ እንዳልደረሰ እሱም ሱፐርቫይዘሬም የተረዱት እዚያው ነው። ፊቷ ቀላ።

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ቁራጩ ላይ ያለውን ለራሳቸው አነበቡና ወደ እኔ ዞሩ። በባሕሩ ዳር ያለች የአንዲት መንደር ስም ነው። አጠገቧ ስንት ምድጃ ተብሎ በሚጻፍበት ቦታ ቁጥር የለም፤ ሰዎቿን በጀልባ የመጡ ወራሪዎች ወስደዋቸው ባዶ እንደቀረች ነው የሚለው።

«ይህችን መንደር በሌላ ቦታ አላገኘኋትም» አሉኝ። «ስላመጣሽልኝ አመሰግናለሁ።»

ባለቤቴ ሽንት ቤት ጣይው ማለቱ ታወሰኝ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። የጥበቃ ኃላፊው ሪፖርት መጻፍ አለበት አለ፤ ቁራጩ ከሕንጻው ወጥቷል። ጽፎ ሲሰጠኝ ሠራተኛዋ ንብረት ከሕንጻው አውጥታለች ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ ቦታ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፈርሜ ነበር የምወጣው። በዚህ አገር የሰጡኝን ወረቀት ሁሉ ስፈርም ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን ይህን ወረቀት የሚያነብ አንድ የማላውቀው የዜግነት መኮንን ታየኝ።

«አንድ ቃል ጎድሏል» አልኩት። «ሳታውቅ የሚል ይግባበት።»

ያው ነው አለኝ። ያው አይደለም አልኩ። ሱፐርቫይዘሬ እስክሪብቶ አነሳችና ቃሉን ከመስመሩ በላይ በእጇ ጨመረች፤ ከጎኑም የስሟን የመጀመሪያ ፊደሎች አኖረች። ከዚያ ፈረምኩ። ማጣራቱ እስኪያልቅ ቤት እንድቆይ ነገሩኝ።

ወደ መኪና ማቆሚያው ስወጣ የባለቤቴ መኪና ሞተሯ እየሠራ ቆማለች። ለሥራ የወጣ መስሎኝ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነው የዋለው። በመስኮቱ ሳይ አጠገቡ ወንበር ላይ የልጃችን የልደት ወረቀትና የሁላችን ፓስፖርት በፌስታል ተቋጥሮ ተቀምጧል። ምን ሊያደርግበት እንደነበር ስጠይቀው እሱም አያውቅም።

«በካቴና ሲያወጡሽ ካየሁ ብዬ ነው» አለኝ። መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። በሃያ ዓመት ትዳራችን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማጣራቱ አልቆ ከአሥር ቀን በኋላ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የመጽሐፉን ቀሪ ክፍል ግን ሌላ ባልደረባዬ እንዲጨርሰው ለመንኳቸው፤ እጄ እንቢ አለኝ።

የቃለ መጠይቁ ቀን መኮንኑ የፈራሁት ጥያቄ ላይ ሲደርስ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሹራቡን፣ ብርጭቆውን፣ ሪፖርቱን። ኮፒውን ዘርግቼ ሰጠሁት። አነበበ፤ በእጅ የተጨመረችውን ቃል በጣቱ ተከትሎ አነበበ። የማየው ጣቱን ብቻ ነበር።

«ይሄ ወንጀል አይደለም» አለኝና ወረቀቱን መለሰልኝ። ከዚያ ወደ ዜግነት ፈተናው አልፎ ከአሜሪካ ረጃጅም ወንዞች አንዱን እንድጠራለት ጠየቀኝ።

«ሚሲሲፒ» አልኩ። ከፍርሃቴ የተነሳ ስለጮህኩ በሩን ከፍቶ ያየን ሰው ነበር።