በጉራጊኛ ያሳቀችን ልጅ በአማርኛ ተሸነፈች

«ጎበዝ! አሁን ደግሞ ለእኛ ለዳኞቹ እንዲገባን በአማርኛ ድገሚልን።»

ይህ የተባለው ዛሬ ነው፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሳምንት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተረት ውድድር ላይ። (ባነሩ «ቋንቋችን ኩራታችን» ይላል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።)

ከአረቅጥ የመጣች ተማሪ ስለ አንድ ስስታም ሰውዬ በጉራጊኛ ስትተርት አብዛኛው ቋንቋውን የሚሰማ ነበርና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ እንኳ በስተርጅና እንባዬን እየጠረግኩ ሳቅኩ። ዳኞቹ ግን ስልካቸውን ይነካካሉ። ለካ ጉራጊኛ የሚሰማ አንድም ዳኛ አላመጡም!

ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ተረቱን በአማርኛ ደገመችው። ማንም አልሳቀም። እሷም አልሳቀችም። ነጥብ የተሰጣት በአማርኛው ነው፤ መጨረሻ ወጣች።

በጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ወልቂጤ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። በትምህርት ቤቱ ግቢ ጉራጊኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ ጠጠር ላይ ይንበረከካል። ጉልበቴ እስካሁን አልረሳውም።

መምህራችን ግን ቢያንስ አልሸነገሉንም። «አትናገሩ» አሉን፣ አለቀ። ኑ ተናገሩና እንሸልማችሁ ብለው አልጠሩንም።

ልጅቷን በር ላይ ጠብቄ «የኔ ልጅ፣ ዛሬ አንጀቴን አራስሽው» አልኳት፣ በጉራጊኛ።

የመለሰችልኝ በአማርኛ ነው። «አመሰግናለሁ አባባ። ለከርሞ ግን በአማርኛ ብቻ ነው የምዘጋጀው።»

እስቲ እናንተም ንገሩኝ፤ ልጆቻችሁን የምታስቁት በየትኛው ቋንቋ ነው?