ምስማሩ ላይ የተሰቀለው ዩኒፎርም

እትዬ ተናኘወርቅ ለሴት ተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ወገቡ ላይ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈው ይተዉ ነበር። ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ ደህና አድርገው ነው! እናቶች «ጨርቁን ጨረሱብን» ብለው ሲያጉረመርሙ፣ መርፌያቸውን ከከንፈራቸው ሳያወጡ፣ «ልጅ ታድጋለች እኮ፣ እቴ። ባደገች ቁጥር አዲስ ልትገዢላት ነው?» ይሉና ዝም ያሰኟቸዋል።

ሱቃቸው ከልደታ ማርያም ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ፣ የሠፈራችን ትምህርት ቤት አጥር ላይ ተለጥፋ የቆመች የቆርቆሮ ቤት ነበረች። አንድ ሲንጀር፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ አንድ አግዳሚ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የምስማር መዓት። እኛ የስምንተኛ ክፍል ሴቶች ደወል እስኪደወል አግዳሚው ላይ ተደርድረን ስንስቅ፣ እሳቸው ፔዳሉን እየረገጡ ከእኛ በላይ ይስቃሉ። ራሳቸው የተዳሩት ከሦስተኛ ክፍል ወጥተው ነው። «ማካፈል ነገ ይጀመራል በተባለ ዕለት ዳሩኝ» ይሉ ነበር። ልጅ ሳይወልዱ ባላቸው ሞቱባቸው። ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሯቸው ሲንጀሯና የሠፈሩ ልጆች ናቸው።

በ1974 ዓ.ም. ሁዳዴ እንደገባ ፀሐይቱ ዘነበ ሱቃቸው መጣች። ፀሐይቱ የክፍላችን አንደኛ ናት፤ መምህሩ ጥያቄ ሳይጨርስ እጇን የምታወጣ ዓይነት።

«እትዬ፣ ወገቡን ይልቀቁልኝ፤ ወፍሬያለሁ።»

ለቀቁላት። ሆሳዕና ሳይደርስ ተመልሳ መጣች። «እትዬ፣ እንደገና ትንሽ ይልቀቁልኝ።»

እትዬ ተናኘ ፔዳሉን አቆሙ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በሁዳዴ የወፈረ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ፀሐይቱ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እንዲያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ድምፅ እንኳ የለውም። እትዬ አልተቆጡም፣ «የማን ነው?» ብለውም አልጠየቁም። ሲበቃት፣ «ስትወጪ ቀሚሱን ለእኔ ስጪኝ» አሉ። «እዚህ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ጨርቁን አልቆርጠውም። ስትመለሺ አጠብበዋለሁ።»

«ወዴት ነው የምመለሰው፣ እትዬ?»

«ወዴት ይሆናል? ትምህርት ቤት ነዋ!»

ቀሚሱ ተሰቀለ። የልጁ አባት ነው የተባለው ጎረምሳ ወሬውን እንደሰማ ወደ አሰብ የሚሄድ ከባድ መኪና ላይ ወጣ፤ እስካሁንም እየሄደ ሳይሆን አይቀርም። የፀሐይቱ አባት አቶ ዘነበ ከቤት አላባረሯትም፤ ግን አያናግሯትም። ሠፈሩ ደግሞ ሠፈር ነው፣ አፉን አይዘጋም። አንዷ ደንበኛ ቀሚሱን አይታ፣ «ያቺማ አበቃላት፤ ለእኔ ልጅ ይሁን፣ ይሽጡልኝ» ብትል እትዬ ተናኘ፣ «ባለቤት አለው» አሉና ወደ ሲንጀራቸው ተመለሱ።

ነሐሴ ላይ ፀሐይቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙ ፍሰሐ ተባለ። መስከረም እንደጠባ እትዬ ተናኘ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ዲሬክተሩ ወደ አቶ ሸዋንግዛው ቢሮ ገቡ። አቶ ሸዋንግዛው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። በዚያ ዓመት ሊመሠረት ለታሰበው ፓርቲ አባልነት ታጭተዋል ይባል ስለነበር ጥላቸውን እንኳ አስፈቅደው የሚረግጡ ይመስሉ ነበር።

«የወለደች ከልጃገረዶች ጋር አትቀመጥም፤ ሌሎቹን ታበላሻለች» አሉ። «የማታ ትማር።»

«የማታውን ይተዉት፣ ጌታዬ። አባቷ ከጨለመ በኋላ እንኳን ትምህርት ቤት ደጃፍም አያስወጧት።»

«እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

«አብዮቱ ሴቶች ይማሩ ብሎ የለም እንዴ?»

«ሴቶች አለ እንጂ እናቶች አላለም፣ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።»

በር ላይ ዘበኛው ጋሽ በከር ጠበቋቸው። «እንዴት ሆነ?»

«የማታ ትማር አሉ።»

«ማታማ እኔ እንኳ የምነቃው በግድ ነው!» አሉ ጋሽ በከር። «አይዞሽ፣ ሰውዬው ልባቸው ደህና ነው። የጠፋባቸው ቁልፉ ነው።»

ልብ በሉ፤ በዚያው መስከረም እኔ ስምንተኛን እየደገምኩ ነበር። ወልጄ አይደለም፣ ሒሳብ ነው የጣለኝ። እኔን ማንም «የማታ ተማሪ» አላለኝም። የክፍሉ ደንቆሮ በቀን ገብታ፣ የክፍሉ አንደኛ ውጭ ቀረች!

የመስቀል ሰሞን የፍሰሐ አርባ ቀን ሞላ። እሑድ ጎህ ሲቀድ ክርስትና ልናስነሣው ልደታ ማርያም ሄድን። ወንድ ልጅን ከጥምቀቱ የሚቀበለው ክርስትና አባት ነው፤ ለሴት ደግሞ ክርስትና እናት። የፍሰሐ ክርስትና አባት ይሆናል የተባለው የፀሐይቱ አጎት አምሳሉ ነበር። አምሳሉ ግን ሌሊቱን የአብዮት ጥበቃ ተረኛ ሆኖ አደረ፤ የሚተካው ሰው ስላልመጣ ጠመንጃውን እንደታቀፈ ቀበሌው በር ላይ ቀረ። የሕፃናቱ ተራ እየደረሰ ነው። ቄሱ «የዚህ ተቀባይ የታለ?» አሉ። ማንም ወደ ፊት አልወጣም። «ተቀባይ ከሌለው ለሌላ ቀን ይመለስ።» ፀሐይቱ ከኋላ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና፣ እጄን ጨምድዳ ይዛለች።

እትዬ ተናኘ ዙሪያውን ሲያማትሩ ግድግዳው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ የቆመ ሰው አዩ። ፊቱ አይታይም። ሱሪው ግን ይታያል። የሱሪውን እጥፋት ራሳቸው ናቸው የሰፉት! ባለፈው ክረምት አሳጥረውታል፤ የገዛ እጃቸውን ስፌት እንዴት ይስታሉ? ተጠጉና፣ «አቶ ሸዋንግዛው» አሉ በሹክሹክታ።

ጋቢው ዘለለ፤ የፓርቲ ዕጩ ቤተ ክርስቲያን መታየት የለበትማ። «እኔ... ዝም ብዬ በዚህ ሳልፍ ነው!»

«ማርያም ናት ያሳለፈችዎ። አንድ ወንድ ልጅ ተቀባይ አጥቶ ሊመለስ ነው።»

«የማን ልጅ ነው?»

«የሠፈራችን።»

ቄሱ መጡና፣ «እርስዎ ነዎት? ቶሎ ይበሉ እንጂ!» አሉ። ታቦት ፊት ቆሞ ሕፃን አልቀበልም የሚል ሰው የት ይገኛል? አቶ ሸዋንግዛው እጃቸውን ዘረጉ። ፍሰሐ ውሃው ሲነካው የልደታን ርግቦች የሚያስነሣ ጩኸት ጮኸ። ከዚያ እሳቸው ደረት ላይ ተለጥፎ ጸጥ አለ። ማዕተቡ ሲታሰርለት ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። ዲሬክተራችን ጥርስ እንዳላቸው ያወቅሁት ያን ቀን ነው! ሕፃኑን ለእትዬ ተናኘ መለሱና፣ የእናቱን ስም እንኳ ሳይጠይቁ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው እብስ አሉ።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ተናኘ ፀሐይቱን አስከትለው፣ ፍሰሐን ታቅፈው ቢሮ ገቡ። እኔ መስኮቱ ሥር ነበርኩ፤ ጋሽ በከርም ከእኔ ጎን መጥረጊያ ይዘው ቆመው ነበር፤ ሲጠርጉ ግን አላየኋቸውም።

«ደግሞ መጡ?» አሉ ዲሬክተሩ። ከዚያ ሕፃኑን አዩ። ማዕተቡን አዩ። ፀሐይቱን አዩ። «አታለሉኝ!»

«እርስዎ መች ጠየቁኝ? የሠፈራችን ልጅ ነው አልኩ፤ ነውም። ደግሞ ይስሙኝ፣ ጌታዬ። ትናንት የት እንዳየሁዎ ከአፌ አይወጣም፤ ቢያስገቧትም፣ ባያስገቧትም። በእሱ አልመጣሁብዎትም። የመጣሁት ለክርስትና ልጅዎ እናት ነው። አበልጅዎ ናት።»

አበልጅ እንግዲህ ዘመድ ነው። ዘመድን ደግሞ በር ላይ አቁሞ መመለስ በእኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። ዲሬክተሩ ወደ ሕፃኑ ጎንበስ ሲሉ ክራባታቸው እጁ ላይ አረፈ፤ ፍሰሐም ጨበጠው።

«ብትወድቅ» አሉ አቶ ሸዋንግዛው በመጨረሻ፣ ክራባታቸውን ሳያስለቅቁ፣ «የሚኒስትሪን ፈተና ብትወድቅ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያለች ልጅ ይዘውብኝ እንዳይመጡ።»

«ካለፈችስ?»

«እሱን ያን ጊዜ እናያለን።»

ቀሚሱ ከምስማሩ ወረደ። እትዬ ወገቡን አጠበቡት፤ ትርፉን አሁንም አልቆረጡትም። ከብብቱ ሥር ደግሞ፣ ለማጥባት እንዲመች፣ ሹራብ የሚሸፍናቸው ሁለት ቁልፎች አበጁለት። ቀን ቀን ፍሰሐ እትዬ ጋ ይውላል። የእረፍት ደወል ከመደወሉ በፊት ጋሽ በከር በሩን በርግደው ይጠብቃሉ። ፀሐይቱ በሩጫ ሱቁ ትገባለች፤ ፍሰሐ ይጠባል፤ እሷ በሌላው እጇ መጽሐፍ ትይዛለች። ልጆች መጀመሪያ «እማማ!» እያሉ ያሾፉባት ነበር። «አቤት ልጆቼ፣ የቤት ሥራችሁን ሠራችሁ?» ማለት ከጀመረች በኋላ ተዉአት። እንዲያውም የቤት ሥራ ሊቀዱ ይመጡ ጀመር። እኔንም ማካፈልን ጨምሮ ሒሳብ ያስተማረችኝ እዚያች አግዳሚ ላይ ነው። እትዬ ተናኘም ፔዳሉን እየረገጡ ያዳምጡ ነበር፤ አንድ ቀን መልሱን ከእኔ ቀድመው ተናገሩ!

ሐምሌ መጣ። ውጤት ሊነበብ ባንዲራው ሥር ተሰበሰብን። ወላጆች አሉ፣ የቀበሌ ሰዎች አሉ፣ ካድሬው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። እትዬ ተናኘ ፍሰሐን አዝለው ከአጥሩ ጥግ ቆመዋል። አቶ ዘነበም ከሁሉ ርቀው፣ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው መጥተዋል። አቶ ሸዋንግዛው ወረቀቱን ገለጡ። የመጀመሪያውን ስም አዩና አላነበቡትም። ከዚያ ሰማይ የሚሰነጥቅ ድምፅ ወጣቸው፦

«አበልጄ! አበልጄ አንደኛ ወጣች!»

ካድሬው አንገቱን አዞረ። የፓርቲ ዕጩ፣ አበልጅ? የት ቤተ ክርስቲያን? አቶ ሸዋንግዛው ያሉት አሁን ገባቸው፤ ቀሉ፣ ጠቆሩ። ከዚያ ምን ነካቸው አላውቅም፤ ቀና አሉና፣ ድምፃቸውን ሳያንቀጠቅጡ፣ «አዎ፣ አበልጄ ናት። ፀሐይቱ ዘነበ። ከትምህርት ቤታችን አንደኛ» ብለው ደገሙት።

መጀመሪያ እልል ያሉት እትዬ ተናኘ ናቸው። ከዚያ እኛ፣ ከዚያ እናቶች፣ ከዚያ አጥሩን አልፎ መንገዱ! ጋሽ በከር ደወሉን ያለ ሰዓቱ ደወሉት። አቶ ዘነበ በሰው መሐል እየገፉ መጡ። ልጃቸው ፊት ቆሙ፤ ከዓመት በላይ ያልተናገሩ ሰው ከየት ይጀምሩ? ከእትዬ ጀርባ ፍሰሐን አወረዱና ትከሻቸው ላይ አስቀመጡት። «እንሂድ፣ ፀሐይ» አሏት። «እናትሽ ትስማ።» እኔም አልፌያለሁ፤ ግን ያን ቀን ማን ይጠይቀኛል!

የአቶ ሸዋንግዛው የፓርቲ ነገር እንዴት እንደሆነ አልሰማንም። ዲሬክተርነታቸው ግን አልተነካም። በማግሥቱ ዓመት መስከረም፣ እኛ የዘጠነኛ ክፍል ዩኒፎርም ልንለካ እትዬ ጋ ተሰብስበን ሳለ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ከኋላቸው አንዲት የማናውቃት ልጅ አራስ ሕፃን ታቅፋ አንገቷን ደፍታለች።

«ወይዘሮ ተናኘ» አሉ፣ «ሀረገወይን ትባላለች። ከሰባተኛ ነው ያቋረጠችው።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት። እንግዲህ ተራው የእርስዎ ነው።»

እትዬ ተናኘ ከአንገታቸው ሜትሩን አወረዱና ልጅቷን ቀና አደረጓት።

«የሴት ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ጊዜ አለን» አሉ ወገቧን እየለኩ። «ቀሚሱ ለሰኞ ይደርሳል።»