ከድልድዩ በፊት

ደስ ይበላችሁ፣ የጀልባ መንጃ ፈቃዱ ተገኘ! ያገኘችውም የአስኮት ቬል ሰፈሯ እታገኘሁ ናት፤ ቀን ቀን አረጋውያን የምትንከባከበው፣ ልቧ ግን ሁልጊዜ ውሃ ላይ የሆነው።

ቅዳሜ ለፈተናው ጠባቧንና ረጅሟን ጀልባ በማሪቢርኖንግ ወንዝ ስትነዳ፣ የቸርቻችንን መዘምራን አሳፍራ ነበር። ፈታኙ ከጎኗ ተቀምጧል። ዝቅተኛው ድልድይ ጋ ሲደርሱ ከባሕር የገባው ሙላት ወንዙን ከፍ አድርጎታል፤ የጀልባዋ ጣሪያ የሚያልፍ አልመሰላትም። የሞተሩን ፍጥነት ቀንሳ ወደ ዳር ተጠጋችና ገመዷን አሰረች።

«እታገኝ፣ በእምነት እለፊ እንጂ!» አለ መዘምሩ ይድነቃቸው እየሳቀ።

«እምነትማ እኔ አለኝ፤ ጣሪያው ነው የሌለው። ይልቅ ውሃው እስኪጎድል ዘምሩ!»

ዘመሩ። እሷ ግን «ፈሪ ብሎ ሊጥለኝ ነው» ብላ ሰጋች። ፈታኙ ሰዓቱን ባየ ቁጥር እሷ የውሃውን ልክ ታያለች። ውሃው ሲጎድል ገመዱን ፈታች፤ ጀልባዋም በድልድዩ ስር ቀስ ብላ ሾለከች።

ያኔ ፈታኙ ፈገግ አለ። «እኔ እኮ ያሳለፍኩሽ ገመዱን ያሰርሽ ጊዜ ነው» አላት።

እልልታው ወንዙን ሞላው! በሉ፣ ታርኔት ሰፈር ያለችው እህቷ ገና አልሰማችም፤ ስልክም አታነሳም። ባቡሩ ሳያመልጠኝ ሄጄ ልንገራት!