ቡሎኑ እጄ ላይ ሳለ

ፖሊሶች የያዙኝ ደባርቅ ጋራዤ ውስጥ ነው፤ እጄ በዘይት እንደተጨማለቀ። «ታጥቤ ልምጣ» ብላቸው «እዚያ ውሃ ሞልቷል» አሉኝ። እስር ክፍሉ ውስጥ ያገኘሁት ውሃ ከጣሪያው ቆርቆሮ የሚንጠባጠበው ብቻ ነው። ጥፋቴ የቀበሌ ስብሰባ ላይ «ለምን?» ብዬ መጠየቄ ነበር።

አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ የአምባራስ ገበሬ ነበሩ፤ ስለ ግጦሽ መሬት አቤት ብለው የታሰሩ። የያዟቸው ዕለት እጃቸውን አስረው፣ ፒካፕ ኋላ ላይ እንደ ሙክት ጭነው በገበያው መሀል አመጧቸው። ከእስሩ ይልቅ ያ ያንገበግባቸው ነበር።

«ልጄ፣ ያገር ሰው አየኝ እኮ» ይሉኛል።

ክረምቱ ሲገባ ደረታቸው ጠናባቸው። አንድ ጠዋት ትንፋሽ አጠራቸውና ጎንደር ሆስፒታል ይወሰዱ ተባለ። ያው ፒካፕ ግን አልነሳ አለ። ከክፍላችን ሆኜ እሰማለሁ፤ ቁልፉ ሲዞር ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ዝም። ግቢው ጭቃ ስለሆነ ገፍቶ ማስነሳትም የለም።

«ባትሪው ሞቷል» አለ ሾፌሩ ፖሊስ።

በሩን ደበደብኩ። «መብራቱን አብርተህ ሞክረው! ምን ይሆናል?»

«ደህና ይበራል፤ ቁልፉን ሳዞረው ድርግም ይላል።»

«ባትሪው ላይሆን ይችላል፤ አውጡኝና ልየው።»

አወጡኝ። ኮፈኑን ስከፍተው የባትሪውን ገመድ የሚይዘው ብረት ነጭ ዱቄት ለብሷል፤ ብነካው ይወዛወዛል። ለመብራት የሚበቃ ኃይል ያሳልፋል፣ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ለማዞር ግን አቅም የለውም። ቡሎኑን ፈታሁ። የጣቢያው ኃላፊ ቢላዋ አቀበለኝ፤ ለእስረኛ ቢላዋ! ብረቱ እስኪያበራ ፋቅኩት።

በዚህ መሀል ሽማግሌውን ደግፈው አወጧቸውና ወደ መኪናው ኋላ ወሰዷቸው። የት እንደሚጭኗቸው ሲያውቁ አንገታቸውን ደፉ።

ቡሎኑን ጨብጬ ቆምኩ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ ኃላፊው።

«አባባ ጋቢና ይግቡ። ያኔ አጠብቀዋለሁ።»

ዱላውን ፈርቻለሁ፤ ይበልጥ የፈራሁት ግን በእኔ እልህ ዘግይተው እንዳይሞቱብኝ ነው።

ኃላፊው እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። «በዚህ ዝናብ ኋላ ማን ይጭናቸዋል ብለህ ነው?» አለና የጋቢናውን በር ራሱ ከፈተ። ቡሎኑን አጠበቅኩ። መኪናው ወዲያው ተነሳ።

ስፈታ አምባራስ ወጣሁ። ሽማግሌው ከሆስፒታል ተመልሰው፣ መኸሩን አይተው፣ ከመድረሴ በፊት ቤታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው እጄን ይዘው «በገበያው መሀል ጋቢና ተቀምጬ አለፍኩ እያሉ ሲያወሩ ከረሙ» አሉኝ። እዚያው አለቀስኩ።

ዛሬም ያው ጋራዥ ውስጥ ነኝ። አልነሳ ያለ መኪና ሲመጣልኝ፣ የባትሪውን ቡሎን ከማጥበቄ በፊት ቀና ብዬ ጋቢና ማን እንደተቀመጠ አያለሁ።