ያልገጠምኋቸው ካንዴላዎች

በ1961 ዓ.ም. ስታሰር የሠላሳ ዓመት ሰው ነበርሁ። አገሬ ስማዳ ነው። መሬታችሁ በቀላድ ይለካ ቢሉን አይሆንም አልን። የደብራችን ቄስ ደግሞ፣ ለቀላድ ጣይ ውሃ ያቀበለ፣ መንገድ ያሳየ፣ እጁን ያዋሰ እንደ አርዮስ ውጉዝ ይሁን ብለው ገዘቱ። እኔም አፌ አያርፍም። እኔንና ቄሱን ባንድ ገመድ አስረው ንፋስ መውጫ እስር ቤት አስገቡን።

ክፍሉ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ መስኮት የለውም። የሽንቱ በርሜል በሩ ሥር ነው፤ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። አባ ጥግ ይዘው ይስላሉ። አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ ጫፉ ቀይ ሆኗል። ያየሁባቸው እንዳይመስላቸው ፊቴን አዞር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠባቂው ወታደር በሩን ከፍቶ "መካኒኩ፣ ውጣ" አለኝ። ደብረ ታቦር የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ መሥራቴን ሰው ነግሯቸው ኖሯል።

የፖሊሱ መኪና ኮፈኗ ተነሥቶ ግቢው ውስጥ ቆማለች። የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ ከሞተሯ የተፈቱትን እሳት ጫሪ ካንዴላዎች አሳየኝ። ሁለቱ ሸክላቸው ተሰንጥቋል፣ ሁለቱ በዘይትና በጥላሸት ተደፍነዋል። ሌላ በጣሳ ሙሉ አመጣ፤ ከወፍጮም፣ ከውሃ መሳቢያም፣ ከሌላ መኪናም የተለቃቀመ ነው። የሚሆነውን መርጠህ ግጠም አለኝ። መኪናዋ ነገ ቀላድ ጣዮቹንና ወታደሩን ይዛ ስማዳ ትወርዳለች፤ ስትመለስ ቄስህን ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ታደርሳለች አለ። በደግ ቃል ነው የተናገረው። የከፋኝም እሱ ነው።

ጣሳውን ዘረገፍሁት። የሚጠብቅበት ጥርሱ የረዘመውን ወዲያ አደረግሁ፤ እሱ ከገባ ፒስተን ይመታል። ያጠረውም አይረባም፣ እሳቱን ከጉድጓዱ ያስቀረዋል። ከአሮጌው ጋር እያስተያየሁ፣ ጫፋቸውን በጥፍሬ እየፋቅሁ አራት ደህና ለየሁ። የለየው እጄ ነው፤ ሆዴ ገና አልቆረጠም ነበር።

አባን ልጠይቅ አልሁ። ወታደሩ "ለካንዴላም የንስሐ አባት ይጠየቃል?" ብሎ ሳቀ። መቶ አለቃው ግን ፈቀደልኝ።

ግዝቱን ያሰሩት እርሳቸው፣ የሚፈቱትም እርሳቸው ናቸው። ልለምናቸው ነው የገባሁት።

"አባ፣ ይፍቱኝ። እርስዎ ይዳኑ" አልሁ።

ብዙ ሳሉ። "ለሌላ ሰው ነፍስ ቢሆን እፈታህ ነበር፣ ልጄ። ለራሴ ብዬ ግን አልፈታም።"

ደግሜ ስለምን እጃቸውን አፌ ላይ አደረጉ። ሂድ፣ ታዲያ እንዳትዋሽ አሉኝ።

ተመለስሁ። የሚሆን የለም ብል ማን ያውቅብኝ ነበር። ረጅሙን ከትቶ ሞተሯን ማድቀቅም ይቻል ነበር። አራቱን አንሥቼ ጣሳው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኋቸው።

"የሚሆናት አለ፣ መቶ አለቃ። እኔ ግን አልገጥምም።"

"ቄሱ ይሙት ነው የምትል?"

"በቅሎ አለህ። ልታሳክማቸው ካሰብህ በበቅሎም ይሄዳሉ።"

ወታደሩ ጣቶቼን በሰደፍ ሲመታ መቶ አለቃው ወደ መኪናዋ ዞሮ ቆመ።

አባን ማንም በበቅሎ አልጫናቸውም። መኪናዋን ከርሞ ከጎንደር የመጣ መካኒክ አስነሣት፤ መሬታችንም ተለካ። ልጆቼ ታዲያ እምቢታህ ምን ጠቀመ ይሉኛል። እኔም ጠቀመ ብዬ አላውቅም። አልገጥምም አልሁ፣ አልገጠምሁም፤ ይኸው ነው። ሁለቱ ጣቶቼ ዛሬም አይታጠፉም።

አባ እምቢ ባልሁባት ዕለት ሌሊት ዐረፉ። በማግሥቱ ጧት እግር ብረቴን ሳይፈቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወሰዱኝ። እጄ አብጦ ዶማ አልይዝ አለ። ወታደሩ ሌላ ሰው ይቆፍር አለ። አይሆንም አልሁና፣ ዶማውን በመቀነቴ ከእጄ ጋር አስሬ መቃብራቸውን ቆፈርሁ።