በሁለት ወረቀት

ኬክ ሻጯ ያቺን ሴትዮ ገና ከበሩ ስታያት ደሟ ይፈላል። ሁልጊዜ ያው ግራጫ ኮት፣ እስከ አንገቷ የተቆለፈ። «ለልጄ ነው፤ ቅባቱ እንዳይታይ በሁለት ወረቀት ጠቅልይልኝ» ትላለች። ከዚያ ሱቁ ጀርባ ዞራ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ሳታላምጥ ትውጠዋለች። ሻጯ በጓሮ መስኮት አይታታለች።

ዛሬ ግን ሴትዮዋ መሃል ጠረጴዛ ይዛ ጉብ አለች።

«በሳህን አድርጊልኝ።»

«ልጅዎስ?» አለቻት ሻጯ በአሽሙር።

«ልጅ የለኝም። ለራሴ ነው፤ ምን ይሁን?»

ቤቱን ሙሉ እየገላመጠች፣ ቀስ ብላ እያጣጣመች በላች። ፍርፋሪውን ሳይቀር በጣቷ ለቀመችው።

«ዓይን አውጣ!» አለች ሻጯ በሆዷ። ከዚያ መጋረጃው ኋላ ገባችና ለራሷ የደበቀቻትን ቁራጭ፣ አፏን በመዳፏ ሸፍና፣ እንደቆመች ዋጠች።