መርዶ በመንኮራኩር ውስጥ

የመጀመሪያውን የጠፈር ልብ ወለዴን መጻፍ የጀመርኩት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከአንድ የጅምላ ሱቅ ጓሮ በተከራየኋት ክፍል ነው። በመስኖ ምህንድስና ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ገረሴ ያሉት ወላጆቼ ማስታወቂያ ሳነብ የምውል ይመስላቸዋል። እኔ ግን አብዛኛውን ቀን የምውለው ማርስ መንገድ ላይ ነበር።

አከራዬ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ከስልጤ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። በራቸው ላይ ተቀምጬ ስጽፍ አይተው አንድ ቀን፣ «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስጨንቅሽ?» አሉኝ። ወደ ማርስ ስለሚሄዱ ስድስት ሰዎች እንደምጽፍ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር።

«እስኪ ስጪኝ» ብለው ደብተሩን ተቀበሉኝና መነጽራቸውን ፈለጉ።

ደንበኛ ሲመጣ እያቋረጡ በሦስት ቀን ጨረሱት። ወራት ስለፈጀብኝ የነዳጅና የፍጥነት ስሌት አንድም ነገር አላሉም። ጣታቸው ያረፈው አንድ ገጽ ላይ ነው። የመንኮራኩሯ ጠጋኝ እናቷ ማረፋቸውን ከምድር በመጣ መልእክት ብቻዋን ታነባለች፤ ዕንባዋን ጠርጋም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

«ይሄ ውሸት ነው» አሉ።

«የቱ ሐጂ? መልእክቱ ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ እኮ አስልቼዋለሁ።»

«እሱን አላልኩም። መርዶ እንዲህ ይነገራል? አምስቱ ጓደኞቿ የት ሄደው ነው?»

ከዚያ የራሳቸውን አወሩኝ። እናታቸው ሲያርፉ እሳቸው እዚሁ ሱቅ ነበሩ። ዘመዶቻቸው የደወሉት ለእሳቸው ሳይሆን ፊት ለፊት ላለው ልብስ ሰፊ ነው። እሱም ጎረቤት ሰብስቦ መጣ።

«ስኳር እየመዘንኩ ነበር» አሉ። «ሰባት ሰው ገብቶ ምንም ሳይገዛ ሲቀመጥ ገባኝ። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ግን ያን ቀን ለአንድ አፍታ እንኳ ብቻዬን አልተዉኝም።»

ክፍሌ ገብቼ ያንን ምዕራፍ ቀደድኩት።

አዲሱን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ። መልእክቱ መጀመሪያ ለመንኮራኩሯ ሐኪም ይደርሳል። መርዶ የሚረዳው ማለዳ ነው፤ እዚያ ደግሞ ማለዳ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አምስቱ መቼ እንደሚነግሯት ይከራከራሉ። በመጨረሻ እንቅልፏን እስክትጨርስ ጠብቀው፣ ሁሉም ገብተው አጠገቧ ይቀመጣሉ።

ሐጂ ይህን ሲያነቡ አንዲት ደንበኛ ዘይት ይዛ ቆማ ጠበቀቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«እናቷን ማን ቀበራቸው?» አሉኝ።

«ወንድሟ።»

«ታዲያ እሱንም ጻፊዋ!»

ስለ ቀብሩ አንድ ገጽ ጨመርኩ። ከወር በኋላ ካምባ ወረዳ ሥራ አገኘሁና ደብተሬን ይዤ ሄድኩ፤ ስድስቱ ሰዎች ማርስ የደረሱት እዚያ፣ ከሥራ መልስ በምጽፍባቸው ሰዓቶች ነው።